አንድ ጭረት ያለበት ማጣሪያ

አንጥረኛው የሞተው በሩ ክፍት ሆኖ ነው። መርማሪዋን ሦስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነገር ነበር።

ሟቹ ከሞቱ ሞባይሎች ውስጥ ወርቅና ፓላዲየም የሚባለውን ውድ ብረት የሚያወጣ ሰው ነበር። አንድ ጆንያ ሙሉ ስልክ ተፈትቶ፣ ቦርዱ ተነቅሎ፣ በአሲድ ተቀቅሎ የሚገኘው ወርቅ ከጥፍር አይበልጥም። እሱ ግን ያቺን ጥፍር የምታህል ወርቅ ለመጣው ሁሉ እያሳየ «ተራራ ሳይቆፈር የተገኘች» እያለ ይኮራባት ነበር። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሚስቱ ወደ አሲዱ ክፍል ብቅ ስትል ከምድጃው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው። ጭንብሉ ከፊቱ አልወለቀም። ጭሱን ወደ ውጭ የሚስበው ማራገቢያ ግን ሞተሩ ተቃጥሎ ቆሟል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች አይደለም፤ እንዲያውም ደልደል ያለች ናት። ነገር ስትጀምር ግን ሳትወጋ አትመለስም። የዚያን ቀን ማራገቢያውን ማን እንደገጠመው ጠይቃ፣ ከሟቹ ጋር ጠዋት ማን እንደተጨቃጨቀ ጎረቤት ጠይቃ፣ ለሁለቱም ጥያቄ አንድ መልስ ስላገኘች ሰውየውን አሰረችው። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ከሰፈር ሰፈር አሮጌ ስልክ እየለቀመ ስለሚያመጣ «ኮሮጆ» ይሉታል። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ክሱም ነፍስ ማጥፋት ነው። መርፌ ወረቀቱ ላይ ከፈረመች ወዲህ ያ የተከፈተ በር ከዐይኗ አልጠፋም።

ዓርብ በማለዳ ወደ እስረኛው ገባች።

«ከወንድምህ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«የቤተሰብ ነገር ነው።»

«የቤተሰብ ነገር ሃያ ዓመት ያስፈርድብሃል።»

«ይፈረድብኝ። ለወንድሜ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል ለሰው የሚወራ አይደለም።»

«ማራገቢያውንስ ሆን ብለህ ነው ያበላሸኸው?»

ኮሮጆ አንገቱን ደፋ። «ከተጣለ ማሽን ያወጣሁት ሞተር ነው። እኛ ቤት የሚጣል ነገር የለም፣ እርስዎም አይተዋል። መድከሙን ጆሮዬ ሰምቶት ነበር። ነገ አየዋለሁ፣ ነገ አየዋለሁ ስል ከረምኩ። አልገደልኩትም ብዬ እንዳልምል ይኸው ይይዘኛል።»

መርፌ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሟቹ ወርክሾፕ ሄደች። የሟቹ ሚስት ከሚዛኗ ኋላ ተቀምጣለች። ጥቁር ለብሳለች፤ እጇ ግን ሥራ አልፈታም። ግራም ከግማሽ፣ ግራም ከሩብ እያለች ትመዝናለች።

«የጭንብሉን ማጣሪያ የሚቀይረው ማን ነበር?» አለቻት መርፌ።

«ራሱ ነበር፣ የኔ እህት። አሲድ ባሞቀ ቁጥር የማጣሪያው ስቲከር ላይ በሚስማር ጫፍ አንድ ጭረት ይጭራል። አምስት ሲሞላ ያወጣዋል። ጠዋት ጠዋት የሁላችንንም ጭንብል እያገላበጠ ያያል። አምስት ያለፈ ያገኘ እንደሆነ ጩኸቱ መንገድ ድረስ ይሰማል።»

መርፌ ከቦርሳዋ የሟቹን ማጣሪያ አወጣች። ስቲከሩ ላይ ያለው ጭረት አንድ ብቻ ነው።

«ይሄ አዲስ ነው ማለት ነዋ።»

«አዲስ ነው።»

«እስቲ ይመዝኑልኝ።»

ሚዛኑ መቶ ሠላሳ አንድ ግራም አለ። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ረቡዕ ከደረሰው የማጣሪያ ካርቶን አንድ ያልተከፈተ አውጥታ መዘነች፤ መቶ አሥራ ሁለት።

«ምን ያከብደዋል?»

«የጠጣው ጭስና እርጥበት» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ብዙ የሠራ ማጣሪያ ይከብዳል። ግን አንድ ጭረት ነው ያለው እኮ።»

በመስኮቱ በኩል የሴትዮዋ የእህት ልጅ አጎንብሳ ትሠራለች። እጇ ስለሚቀል «ላባ» ይሏታል። የስልኩን ፊት በሙቅ አየር ታሞቀዋለች፣ ከሥሩ ቀጭን ሽቦ ትስባለች፤ መስታወቱ ሳይሰነጠቅ ተነስቶ መዳፏ ላይ ያርፋል። መርፌ አጠገቧ ቆማ ሦስት ስልክ እስክትጨርስ አየቻት።

«ስቲከርም እንዲህ ይነሳል?»

«ይነሳል። ሙጫ ሁሉ አንድ ነው» አለች ላባ፣ ቀና ሳትል።

መርፌ ጣቷ ላይ ያለውን ቀለበት አየች። «ባልሽ ምን ይሠራል?»

«እታች ሜዳው ላይ ሽቦ ያቃጥላል። መዳቡን ለማውጣት።»

መርፌ ወደ ሜዳው ወረደች። ሠላሳ የሚሆኑ ወንዶች በጥቁር ጭስ መካከል ጎንበስ ቀና ይላሉ፤ አፍንጫቸውን በጨርቅ የሸፈኑም፣ ጭራሽ ያልሸፈኑም አሉ። ከመካከላቸው ጭንብል ያጠለቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። የጭንብሉ ማጣሪያ ስቲከር የለውም።

«ማን ሰጠህ?»

«ሚስቴ» አለ ሰውየው ደስ ብሎት። «ከሰጠችኝ ወዲህ ሌሊት አላስልም።»

መርፌ ያን ጊዜ ወደ ቤቷ ብትሄድ ደስ ባላት ነበር። ነገር ግን አንድ ሰው በእሷ ፊርማ ታስሮ ተቀምጧል።

ከሰዓት በኋላ ኮሮጆን እጁ እንደታሰረ ከአንድ ፖሊስ ጋር ወደ ወርክሾፑ አመጣችው። ሴትዮዋ ከሚዛኗ፣ ላባ ከመስኮቷ ተነሡ። የአሲዱ ክፍል በር ፊት ለፊታቸው ነው።

«ማራገቢያው ቆሟል፤ ይህ እውነት ነው» አለች መርፌ። «እኔም ይህንኑ ይዤ ሮጥኩ። ግን ማራገቢያ ሲቆም ሰው ይወጣል። በሩ ክፍት ነበር፤ ከምድጃው ስድስት እርምጃ ነው፣ ለክቼዋለሁ። ለምን አልወጣም?»

መርፌ ወደ ምድጃው ጠቆመች።

«ጭንብሉን አምኖ ነው። ድስቱ ውስጥ በስድስት ወር የተለቀመ ስልክ ነበር፤ መሐል ላይ ጥሎት ቢወጣ ይበላሻል። አዲስ ማጣሪያ አጥልቄያለሁ ብሎ ሊጨርስ ቆመ። ማጣሪያው ግን ዕድሜውን የጨረሰ ነበር። ሚዛኑ መስክሯል። አዲስ ያስመሰለው ስቲከሩ ነው፤ ስቲከሩም የራሱ አይደለም። ጠርዙ አልተቀደደም፣ አልተጨማደደም፤ ከሥሩ ግን ሁለት ዓይነት ሙጫ አለ። እንዲህ አድርጎ የሚያነሳ እጅ እዚህ ቤት አንድ ብቻ ነው። ስቲከሩን የተነጠቀውን አዲስ ማጣሪያ ደግሞ ዛሬ ሜዳው ላይ አየሁት።»

ላባ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች።

«ጋሼን ልገድል አይደለም» አለች። «የኔን አዲስ ለባሌ ሰጠሁት። ሲያስል ጥቁር አክታ ነበር የሚወጣው። ለራሴ ጋሼ ያወጣውን አሮጌ ማጣሪያ አደረግኩ። አሲዱ ጋ ስገባም ማራገቢያው ስላለ ምንም አልሆንም ነበር። ጠዋት ሲያየኝ እንዳይቆጣኝ ብዬ ነው ስቲከሩን ያዛወርኩት።»

«ታዲያ ከእሱ ጭንብል ላይ እንዴት ደረሰ?»

«ጠየቀኛ!» ድምጿ ተሰበረ። «የሱ አምስት ሞልቶ ነበር፣ ካርቶኑም አልደረሰም። ‹ልጄ፣ አንቺ ዛሬ መስታወት ላይ ነሽ፤ ያንቺን አውሺኝ› አለኝ። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን ‹እሺ ጋሼ› ነው። አንድ ቀን ነው፣ ማራገቢያው አለ አልኩ።»

«ከዚያስ ሦስት ቀን? ይሄ ሰው ሲሚንቶ ላይ ሲያድር?»

ላባ ወደ ኮሮጆ ልታይ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቤት አላዩም።

«እኔም ዝም ብያለሁ» አለ ኮሮጆ በድንገት። «በምን እንደተጣላን ጠይቀውኝ ነበር። ወንድሜ የእሷን ባል ሊቀጥረው ነበር፣ ከሰኞ ጀምሮ። ‹ልጁ ሜዳ ላይ ጭስ እየበላ እኛ ንጹሕ ሥራ እንሠራለን ብለን አናወራም› አለኝ። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ‹የሚስትህን ዘመድ ሁሉ ልትቀልብ ነው ወይ?› አልኩት። ለወንድሜ የተናገርኩት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። እሷ እንዳትሰማው ብዬ ዋጥኩት።»

ላባ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

መርፌ የኮሮጆን ሰንሰለት ፈታች። ይቅርታም ጠየቀችው። ላባ ሳትጠየቅ ተነስታ እጆቿን ዘረጋች። ፖሊሱ ሲያስራት አክስቷ እዚያው እንደቆመች ታያታለች፤ ዐይኗ ደርቋል።

«እውነቱን ብትነግሪው ምን ይልሽ ነበር?» አለቻት።

«ይቆጣኝ ነበር።»

«አዎ፣ ይቆጣሽ ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ምሳ እስኪደርስ ደግሞ ይረሳው ነበር።»