ያልተጻፈው መስመር

«ውሰዱት፤ ለኔ ጭንቅላት የሚሆን አይደለም» አሉ ችግኝ ሻጩ ጎረቤት፣ የዝናብ መለኪያውን ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ።

ልጅቷ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ከመለኪያው ጋር የሚሠራው፣ አየሩን እየተከታተለ የውሃ ፓምፕ የሚከፍትና የሚዘጋው ሶፍትዌር የአንድ ድርጅት አይደለም፤ መመሪያውንም ተጠቃሚዎቹ ናቸው ተጋግዘው ኢንተርኔት ላይ የሚጽፉት። ከመመሪያው ስለ ዝናብ መለኪያው የሚያስረዳውን ገጽ የጻፈው ወንድሟ ነው። ደንባቸው አንድ ነው፦ ምንም የማያውቅ ሰው ቃል በቃል ተከትሎ ሳይሞክረው ገጽ አይወጣም። የወንድሟ ሞካሪ ደግሞ ሁልጊዜ እሷ ናት፤ በችኮላዋ ምክንያት ቤተሰቡ «ሽው» የሚላት እሷ።

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘነበ፤ ይሄ ግን ዜሮ ይላል። ሶፍትዌሩም ዝናብ የለም ብሎ የውሃውን ፓምፕ ከፈተው። የቲማቲም ችግኞቼ ዋና ተማሩልሽ!» ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር። «መመሪያውን አንድም ሳልዘል ነው የተከተልኩት። ልጄ ‹አባዬ፣ አንተ ደክመሃል፣ ችግኝ ቤቱን ለኔ ተውልኝ› ይለኛል። እውነቱን ሳይሆን አይቀርም።»

ሽው ክዳኑን ከፈተችው። ዝናብ ሲሞላት እየተገለበጠች የምታስቆጥረው ትንሿ ማንኪያ በጉዞ እንዳትሰበር ፋብሪካው ባሰረባት ላስቲክ እንደታሰረች ናት። ካልተገለበጠች ደግሞ ለሶፍትዌሩ ዝናብ የለም።

እሷ ገጹን በወንድሟ መለኪያ ስትሞክረው ዓይኗ ጽሑፉ ላይ፣ እጇ ደግሞ በራሱ ሥራ ላይ ነበር፤ ላስቲኩን ሳታስበው በጥሳ ጥላ «ሰርቷል!» ብላ ጮኻለች። ገጹ ላይ ስለ ላስቲክ አንድም ቃል የለም።

ወንድሟ ወደ ጓዳ ጎተታት። «አንድ መስመር ነው፤ አሁኑኑ እጨምረዋለሁ። ላስቲኩን ፈተን እንስጣቸው፤ ማን ያውቃል?»

«እሳቸውስ?»

«እሳቸው ምን?»

«አልችልም ብለው ችግኝ ቤቱን ሊለቁ ነው እኮ።»

«ሽው፣ አታካብጂ።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው ብላ አሰበች። አፈረች፤ ቢሆንም ወጣች።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ላስቲኩ ይፈታ የሚል መስመር ገጹ ላይ የለም። እኔ ስሞክረው በጥሼው ነበር፤ አልተናገርኩም።»

ሰውዬው ላስቲኩን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«እኔ አይደለሁማ?»

«እርስዎ አይደሉም።»

«ይሄንኑ ለልጄ ደውለሽ ትነግሪልኛለሽ?»

«እነግረዋለሁ።»

ነገረችውም፤ ሰውዬው አጠገቧ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ስልኩን ስትዘጋ ወንድሟ ኮምፒውተሩ ላይ አዲሱን መስመር ጽፎ ጨርሷል። «ነይ፣ ሞክሪው» አላት።

«እኔ አልሆንም። እኔ አውቀዋለሁ» አለችና ለጎረቤታቸው ወንበር ሳበች። «ጋሼ ይሞክሩት።»

ችግኝ ሻጩ መነጽራቸውን አደረጉና ከመጀመሪያው መስመር ጀመሩ። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው መስመሩ ፍቱ ወዳላለው ብሎን ሄደ። የሽው እጅ ትክክለኛውን ሊያሳያቸው ብድግ አለ። መለሰችውና ሁለቱንም እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

ወንድሟ አያት። ከዚያ ሦስተኛውን መስመር አጥፍቶ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረ።