ላብ ውስጥ ሰው አለ?

ተማሪው የኬሚስትሪ ላብ ወለል ላይ ሞቶ ሲገኝ ማዳመጫው ከጆሮው አልወጣም ነበር። መርዛማውን ጋዝ የሚያስወጣው አየር መሳቢያ ማሽን ጠፍቶ ነበር። ማሽኑ የላቡ ቴክኒሻን ኃላፊነት ነውና ፖሊሶቹ ብዙ አላሰቡም፤ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረውን ሰውዬ በካቴና አሰሩት።

«ልጁ ሙከራውን እንዲጨርስ ላቡን ከፈትኩለት እንጂ ማሽኑን አልነካሁም» አለ ቴክኒሻኑ።

መርማሪዋ ችኩል ሰው አትወድም፤ ችኩል ፖሊስማ ጭራሽ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን የማሽኑን ማብሪያ ማጥፊያ አጎንብሳ አየችው። የነጭ ጠመኔ አሻራ አለበት።

ልጁ በሞተበት ሰዓት የኬሚስትሪ መምህሩ ከላቡ አጠገብ ባለው አዳራሽ ያስተምር ነበር። «ሟቹ እኔ ክፍል ነበር» አላት፣ ስም መቆጣጠሪያውን እየዘረጋ። «ፊርማው ይኸው።»

«ሐኪሙ ግን ልጁ እርስዎ ሲያስተምሩ ላብ ውስጥ ሞቷል ይላል። የሞተ ሰው ይፈርማል እንዴ?»

መርማሪዋ የሟቹን የላብ ጓደኛ አስጠራች።

«ሙከራው በሰዓቱ አያልቅም፤ ሌክቸሩም አይጠብቅም» አለች ልጅቷ። «ስለዚህ ተከፋፈልነው። እሱ የሁለታችንንም ሙከራ ይሠራል፤ እኔ ሌክቸሩን በስልኬ ቀድቼ እሰጠዋለሁ። እየሠራ ያለፈውን ሌክቸር ያዳምጣል።»

«የምትፈርሚለትም አንቺ ነሽ?»

ልጅቷ አቀረቀረች።

መርማሪዋ ሦስቱንም ላቡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። «መምህር፣ ማሽኑን ያጠፉት እርስዎ ነዎት። ጠመኔው ማጥፊያው ላይ ቀርቷል።»

«ጩኸቱ አላስተምር ብሎኝ ነው!» አለ መምህሩ። «ደግሞ ጠይቄያለሁ!»

«ጠይቀዋል። ይህ ሰውዬ ሲታሰር ግን ትንፍሽ አላሉም።» የልጅቷን ስልክ ጠረጴዛው ላይ አድርጋ የዚያን ሰዓት ቅጂ ከፈተችው።

መጀመሪያ የማሽኑ ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ የመምህሩ ድምፅ። «ይሄን ነገር ላጥፋው መሰለኝ። ላብ ውስጥ ሰው አለ?»

ማንም አልመለሰም። በር ተከፈተ፤ ጩኸቱ ቆመ።

«ካዳራሹ ሁሉ ልጁ እዚህ መሆኑን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ» አለች መርማሪዋ ወደ ልጅቷ ዞራ። «ጆሮው ላይ ማዳመጫ ስላለ ማሽኑ ሲቆም እንደማይሰማም ታውቂያለሽ።»

«ሰው አለ ብል ለእሱ መፈረሜ ይታወቃል፤ ሁለታችንም እንባረራለን» አለች ልጅቷ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና። «ምንም አይሆንም ብዬ ነው… እኔ እኮ ምንም አላደረግኩም!»

መርማሪዋ የቴክኒሻኑን ካቴና ፈታችለት። ሰውዬው የታሰረበትን የእጁን አንጓ እያሻሸ ልጁ ወድቆበት ወደነበረው ወለል ተመለከተ። ቅጂውን የዘጋው ሰው አልነበረም። ለሟቹ የተቀዳው ትምህርት፣ ማሽኑ ስለጠፋ፣ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል።