ሦስተኛው መለከት

ጤናዬ በዓለም ላይ እንደ ምራቅ የሚቀፋት ነገር አልነበረም። ሰው የጠጣበትን ዋንጫ በአመድ ሳትፈትግ አፏን አታስጠጋም፤ እናቷ ሊያጎርሷት ሲዘረጉ እንኳ እጃቸውን አገላብጣ ታያለች። «እንዲህ ተጸይፈሽ ማን ያገባሻል?» ሲሏት፣ «አፉ ንጹሕ የሆነ» ትል ነበር።

ስለዚህ በዚያ እሑድ በደብረ ማርቆስ አደባባይ የደረሰባት ነገር ለሌላው ኢምንት ቢሆንም ለእሷ መዓት ነበር። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ከቅዳሴ የሚወጣውን ሕዝብ ወታደር እየነዳ አደባባይ ያቆመዋል፤ ሙዚቀኞቹም ይነፉለታል። በዱላ የሚደመጥ ሙዚቃ! የዚያን ቀን ጤናዬ ተገፍታ ተገፍታ ከፊት ቆማለች። ጨዋታው እንዳበቃ አንድ ጠይም ወጣት ጥቅልል የነሐስ ቀንዱን ከአፉ አውርዶ ዘቅዝቆ አራገፈው። የወረደው ውሃ በአዲሱ ነጠላዋ ጥለት ላይ አረፈ።

«ተፋብኝ! ኧረ ተፋብኝ!»

«ምራቅ አይደለም እኮ፣ እመቤቴ» አለ ወጣቱ ደንግጦ። «ትንፋሽ ነው። ነሐሱ ውስጥ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይሆናል።»

«የማን ትንፋሽ?»

«የ... የእኔ።»

«እንግዲያው ምራቅህ ነው!»

ከጎኑ የሆዱን ሁለት እጥፍ የሚያህል ቀንድ የታቀፈ ጎልማሳ በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ምን አለብሽ፣ ያንድ ቀን ነው። እኔ ከሥሩ የተቀመጥኩት በየቀኑ እጠመቃለሁ። ጫማዬ ላይ ጎመን ሊበቅል ምንም አልቀረው!»

ወጣቱም ሳቀ፤ ዓይኑ ግን ከጤናዬ ላይ አልተነሣም። እሷም አላየችውም አይባልም። ነሐሱ ከንፈሩ መካከል ያተመውን ክብ ምልክት ሳይቀር አይታለች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ በሁለት ጣት አንጠልጥላ ሄደች።

መንገድ ላይ እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ወፍራሙ ፈንታ ነው» አሏት። «ልጁ እንዳላማው መሆን አለበት፤ የደምበጫው። ያባትሽ ጓደኞች ናቸው።»

ጤናዬ ቀጥ ብላ ቆመች። አባቷ አበረ በመኳንንቱ ግቢ መለከት ነፊ ነበሩ። ከፈንታና ከእንዳላማው ጋር ሦስት ሆነው ነው የሚነፉት፤ እያንዳንዱ የየራሱ ድምፅ ብቻ አለውና አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ዜማውን ሦስቱ ተጋግዘው ያደርሱታል። እሷ ወደ ደብረ ማርቆስ ሳይመጡ በፊት ከእናቷ ጋር አማኑኤል ከተማ ነበር ያደገችው፤ ጓደኞቻቸውን በስም እንጂ በመልክ አታውቅም። አባቷ እረፍት ሲመጡ ደጃፍ ተቀምጠው ብቻቸውን ይለማመዱ ነበር። ትንሽ ነፍተው ዝም፣ ትንሽ ነፍተው ዝም። «ለምን ታቆማለህ?» ስትላቸው «ጓደኞቼን እየሰማሁ» ይሏት ነበር። በኋላ ዘምተው የጣሊያን አውሮፕላን ገደላቸው።

«አባቴን ለገደሉት ነው እንግዲህ የሚነፉት!» አለች። ነጠላዋን ሦስት ጊዜ አጠበችው፤ ከዚያ ለመንገደኛ ሰጠችው።

የባሰ የሚያስጠላት ነገር ደግሞ ሌላ ነበር። በየእሑዱ ከበሮውም ጡሩምባውም ዝም ብሎ እንዳላማው ብቻውን ሲነፋ፣ ያ ድምፅ ጥርት ብሎ፣ ከደረት የወጣ ሆኖ ሲመጣ፣ የክንዷ ጠጉር ይቆማል። ትወደው ነበር። እሑድ እስኪደርስ ይናፍቃት ነበር። ጆሮዋን ጠላችው፤ ራሷን ተጸየፈች።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ ጌሾ ስትሸጥ እንዳላማው መጥቶ ከፊቷ ተቀመጠ። ፈንታ ትንሽ ራቅ ብሎ ሽንኩርት የሚመርጥ መሰለ።

«ነጠላሽን ልተካልሽ?»

«ነጠላዬን ተወው። ትቀፈኛለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ለምን ትነፋላቸዋለህ?»

«መለከት ነፊዎች መሆናችንን ሰምተው ወሰዱን። እምቢ ስንል የፈንታን ቤት አቃጠሉት።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ይለቋችሁ የለ? ለምን አትጠፋም?»

እንዳላማው ጌሾውን በጣቱ እየነካካ፣ «እፈራለሁ» አለ። «ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ጤናዬ የሚዋሽ መስሏት ተዘጋጅታ ነበር። እንዲህ ያለ ንጹሕ ነገር ከዚያ አፍ ይወጣል ብላ አልጠበቀችም። እሱም አለመቆጣቷን በጎ አድርጎ ወስዶት፣ «ሽማግሌ ብልክስ?» አላት።

«በዚያ አፍህ የእነሱን ቀንድ እየነፋህ? ብትልክ በር አልከፍትም!»

ፈንታ ሽንኩርቱን ጥሎ መጣ። «ተነሥ፣ ተነሥ። ያራገፍክባት ሳይደርቅ ልታገባት?»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ የጣሊያኖቹ በዓል ሆነ። አንድ ትልቅ ሹም መጥቶ ሰገነት ላይ ተሰየመ፤ ሕዝቡ እንደ ከብት ተነድቶ ቆመ። የሙዚቀኞቹ አለቃ ቀጭን በትሩን ወደ እንዳላማው ቀሰረ፤ ብቻውን ሊነፋ ነው።

እንዳላማው ተነሣ። ያስተማሩት ዜማ ከፍርሃቱ የተነሣ ከራሱ በኖ ጠፋ። አፉ የሚያውቀውን፣ በልጅነቱ የተማረውን ነፋ። ጥቂት ነፋና ዝም አለ። እንደገና ነፋና ዝም አለ። መለከት ነፊ ነዋ፣ ጓደኞቹን ይጠብቃል። ወታደሮቹ ረሳው ብለው መሳቅ ጀመሩ።

ይኼኔ ፈንታ ያንን ግዙፍ ቀንድ አነሣና የራሱን ክፍል አስገባ። ሳቁ ቀጠለ። ዜማው ግን ገና ጎዶሎ ነበር፤ አንድ ቦታ ላይ በደረሱ ቁጥር ሁለቱም ዝም ይላሉ።

ጤናዬ ያንን ጉድለት አወቀችው። ልክ የአባቷን ያህል ነበር። በልጅነቷ ደጃፍ ላይ የሰማችው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ አባቷ ይሰሟቸው የነበሩትን ጓደኞች አሁን እሷ ሰማቻቸው። በሚቀጥለው ጉድለት ሳታስብ እልልታዋን ለቀቀችው፣ አባቷ በሚገቡበት ገብታ በሚያቆሙበት አቆመች። እንዳላማው ደንግጦ ዞረ። አያትና እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ መንፋቱን ግን አላቋረጠም። ሦስቱ ተቀባብለው ዜማውን እስከ መጨረሻው አደረሱት።

«ለጣሊያን ነው እልል የምትይው?» ብለው እናቷ ክንዷን ቆነጠጧት። ወዲያው እሳቸውም የባላቸው ክፍል መሆኑን አስተዋሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰገነት ላይ ያለው ሹም ለእሱ የተባለ መስሎት ተነሥቶ ሰላምታ ሰጠ። የሙዚቀኞቹ አለቃ ግን ያስተማረው ዜማ እንዳልሆነ አውቆ ስለነበር የእንዳላማውን አፍ በበትሩ መታው።

ቅዳሜ እንዳላማውና ፈንታ ከገበያ ወደ ሰፈራቸው አልተመለሱም። ከከተማው ወጣ ካለው የባሕር ዛፍ ጥግ ጤናዬን አስጠሯት። የእንዳላማው ከንፈር አብጦ ተሰንጥቋል።

«ለአርበኞቹ ልንነፋ ጫካ ልንገባ ነው» አላት። «አሁንም እፈራለሁ፤ ግን እሄዳለሁ። የእኔና የፈንታ መለከት ደምበጫ ጭድ ውስጥ አለ። የአባትሽን ብትሰጪን...»

«ማን ሊነፋው?»

«ሰው እንፈልጋለን።»

«የአባቴን ክፍል የሚያውቅ ማን አለ?»

ፈንታ ዞሮ እሷን አያት። ነፋሱ ቅጠሉን ያንኳኳል። «ሴት መለከት ነፍታ አታውቅም» አለ እንዳላማው ቀስ ብሎ።

«ሴት እልል ብላ የጣሊያን ሹም አስነሥታስ ታውቃለች?» አለ ፈንታ።

ጤናዬ ቤት ሄዳ ስትመለስ እናቷም አብረው መጡ። ቆዳ የለበሰውን መለከት ከግድግዳ ያወረዱት እሳቸው ነበሩ። ውስጡ አይጥ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ጤናዬ ፊቷን አጨማድዳ በእንጨት ጠረገችው። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት እንዳላማውን ትኩር ብለው አዩትና፣ «ሽማግሌ ልኬአለሁ በል፤ እኔም እሺ ብያለሁ። እሷን ራሷን ጠይቃት» አሉ።

እንዳላማው ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረውም። መለከቱን ተቀብሎ፣ «ከንፈርሽን እንዲህ አጥብቀሽ ነው» ብሎ በቆሰለ ከንፈሩ ነፋላት። ከአፉ ሲያወርደው ጫፉ ላይ ምራቅና ትንሽ ደም ቀረ። አየው፤ አፈረና በጋቢው ሊጠርገው ሲል ጤናዬ እጁን ያዘችው።

«ተወው።»

ተቀበለችው፤ ሳትጠርግ አፏ ላይ አድርጋ ነፋች፤ እምቧ የሚል ድምፅ ወጣ።

«ላሟ ወለደች!» አለ ፈንታ።

ሳቋን ጨርሳ እንደገና ነፋች።