ወደ አልጋው የዘመመው ቅንጭብ

የምነግራችሁ በእውነት የሆነ ነው። ውሸቴን ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እናቴ የተኛችበት ክፍል ውስጥ ነው።

የእናቴ አንድ ዓይን ከጠፋ ቆይቷል። በቀረላት ዓይኗ ላይ የነበረው ሞራ በቅርቡ ተገፎላት በፋሻ ተሸፍኗል። እኔ በቀን አራት ጊዜ ፋሻውን እየገለጥኩ ጠብታ አደርግላታለሁ። ሐኪሙ «ቁስሉ ከተቆጣ ይቺም ትጠፋለች» ብሎኛል።

ፋሻው ጨርሶ ሲነሳ መጀመሪያ አረንጓዴ ነገር ትይ ብዬ ቅንጭብ ገዛሁላት። እኔ እጅ ገብቶ ያልደረቀ ተክል የለም፤ ይሄ ግን ውሃ ማጠጣት ብትረሺም አይሞትም ተባልኩ።

«ወተቱን ብቻ ተጠንቀቂ» አለችኝ ሻጯ። «ዓይን ያጠፋል።»

መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ዘመመ። ተክል ወደ ብርሃን እንደሚዘም አውቃለሁ። ይሄ ግን የዘመመው ወደ አልጋው ነው...

የተተከለበትን ባልዲ አዞርኩት። ከሰዓት ስመለስ እንደገና ወደ አልጋው ዞሯል።

በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጠብታውን ይዤ ገባሁ።

«አሁን አደረግሽልኝ እኮ» አለች እናቴ።

«መቼ?»

«አሁን ነዋ። ምነው ግን እጅሽ እንዲህ ቀዘቀዘ?»

ክው አልኩ። ከወጥ ቤት ገና መምጣቴ ነው።

ፋሻውን ገለጥኩ። ሽፋሽፍቷ ላይ ነጭ ጠብታ ተንጠልጥሏል...

ፈጥኜ ጠረግኩላት።

«ያቃጥልሻል እማዬ?»

«ኧረ... ደስ ይላል።»

ቅንጭቡን ከነባልዲው ሦስት ፎቅ አውርጄ የቆሻሻ መኪና ላይ ጫንኩት። መኪናው እስኪሄድ ቆሜ አየሁ። ያን ቀን እናቴን በእኔ ጥፋት አሳወርኳት ብዬ ስፈራ እህል አልቀመስኩም።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ፋሻውን ቀስ ብዬ አነሳሁት።

ዓይኗን ገለጠች። ጥርት ያለ ነው።

«ታይኛለሽ?» አልኳት።

«አይሻለሁ። ቀይ ሹራብ ለብሰሻል።»

እውነቷን ነው። እንባዬ መጣ። ተመስገን ልል አፌን ስከፍት...

ዓይኗ ከእኔ ላይ ተነስቶ በትከሻዬ በላይ ወደ ኋላዬ አለፈ።

«ልጄ...» አለች በሹክሹክታ።

«ወዬ።»

«ጠብታ የምታደርግልኝ... ከሁለታችሁ የቷ ናት?»

አልዞርኩም። መዞር አቃተኝ።

የጠብታው ጠርሙስ እጄ ላይ ነው። ክዳኑን ገና አልከፈትኩትም።

እጄ ጀርባ ላይ ግን የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ጠብ አለ...

ዝቅ ብዬ አየሁት።

ነጭ ነው።