ከቁልቁለቱ በታች ያለው መብራት

ያን ቀን የትራፊክ መብራት ተቆጣጣሪዋ ከጠዋት ጀምሮ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ አልወጣችም። ዝናቡም እንደሆነ አላባራ ብሏል።

በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን የከተማው የኤሌክትሪክ አውቶቡሶች ይርመሰመሳሉ። የትራፊክ መብራቶቹ ከአውቶቡሶቹ ጋር በኮምፒውተር ይነጋገራሉ፤ አንዱ ሲቃረብ አረንጓዴ ይሆኑለታል። ባትሪ የሚበላው ቆሞ መነሳት ነዋ! አለቃዋ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

«ሲስተሙ ከእኛ የበለጠ ያውቃል» ይላል። «መብራት በእጁ የነካ ሥራውን ይሰናበት።»

የእሷ ዓይን ግን ካንዱ አውቶቡስ አይነቀልም። ሾፌሩን ጓደኞቹ «ቆጣቢው» ይሉታል፤ ባትሪም ሆነ ወሬ አያባክንም። ግዙፍ ቢሆንም የዋህ ነገር ነው፣ ሲያፍር ጆሮው ይቀላል። ትወደዋለች፤ ምን ያስደብቃል?

ትናንት ማታ ሲሸኛት በራቸው ላይ ቆሞ «አግቢኝ» አላት፤ በቃ፣ እንዲሁ።

እናቷ «ልጄን ለሾፌር አልሰጥም» ስላለች እናትና ልጅ ከተኮራረፉ ሰነባብተዋል።

«እናቴስ?»

«እሳቸውን እኔ እለምናለሁ። አንቺ ግን በቃል መናገር ካፈርሽ ነገ በመብራት ንገሪኝ። ከቁልቁለቱ በታች ስደርስ አረንጓዴ ከሆነ እሺ ብለሻል። ቀይ ከሆነ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

«መብራቱ እኮ ለአንተ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው!»

«ለዚህ አይደል የመረጥኩት?»

ስቃ ገባች። እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

አሁን አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ጀምሯል፤ ሰው ጢም ብሎበታል። እንደ ልማዱ ፍሬን ሳይነካ ይንሸራተታል። ከጎን በሚገባው መንገድ ደግሞ አሸዋ የጫነ መኪና ብቅ አለ። ቀይ በርቶበታል፤ ፍጥነቱን ግን አልቀነሰም።

«አለቃ፣ ይሄ መኪና የሚቆም አይመስለኝም!»

«ቀይ ነው፤ ይቆማል። እጅሽን ሰብስቢ!»

ቆጣቢውን በሬዲዮ ልጥራው ብትል ጊዜ የለም። አረንጓዴውን ወደ ቀይ ብትቀይረው መልሷ እምቢታ ይሆናል፤ ቆጣቢው ደግሞ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፣ ሄደ ማለት ሄደ ነው። ብትተወው ግን… ሐሳቧን መጨረስ ፈራች። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ከረገጠ ወራት አልፎታል። ቀዩን ቢያይስ እግሩ ይታዘዘዋል?

ቁልፉን ተጫነችው።

መብራቱ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ ሆነ። አውቶቡሱ ይወርዳል።

«ርገጠው!» ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸች። «በሞቴ ርገጠው!»

የአውቶቡሱ ኋላ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተወዛወዘ። የአሸዋው መኪና በአፍንጫው ሥር ተወርውሮ አለፈና ከግንብ ተላትሞ ቆመ። የአሸዋው መኪና ሾፌር እያነከሰ ወረደ። አውቶቡሱም ቆሟል።

አለቃዋ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። እሷ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠች። ስልኳ ጠራ። መጀመሪያ የዝናብና የሰው ለቅሶ ድምፅ ብቻ ሰማች።

«ቀዩን አየሁት» አለ ቆጣቢው በመጨረሻ። «ይህን ሁሉ ሰው አትርፈሻል፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን ቃሌ ቃል ነው፣ አላስቸግርሽም።»

«አንተ ሞኝ!» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «እሺ ያልኩህ በቀዩ ነው!»

ያ ግዙፍ ሰውዬ በስልኩ ውስጥ እንደ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ ሰማችው።