ሰባ ኪሎ

ሰዓት ጠጋኙ ከሆስፒታል በወጣ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ልቡም ስኳሩም ተባብረው ያስቸገሩት ሰው ነበርና ጎረቤቱ «ቀኑ ደርሶ ነው» አለ። ታናሽ ወንድሙ ግን «በጨው ገደለችው» ብሎ የሟችን ሚስት ከሰሰ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። እግሮቹ ከማበጣቸው የተነሳ የካልሲው ጫፍ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል።

«እትዬ፣ እውነቱን ይናገሩ! ምን አብልተውት ነው?» አላት ወንድምየው።

«እኔን ነው? ለስላሳ በኪስህ ደብቀህ የምታመጣለት አንተ አይደለህ?»

«እባካችሁ!» አለች ኢንስፔክተሯ። ገና ከመጀመሯ ሁለቱም አንገሸገሿት።

ሚስቲቱ የሟቹን ደብተር አመጣች። የስኳሩ ልክ፣ መርፌው፣ ክብደቱ፣ ሁሉም ከነደቂቃው ሰፍሯል። ስኳሩ አንድም ቀን ከመስመር አልወጣም።

«ሐኪም ካለው ፍንክች አይልም ነበር» አለች ሚስቲቱ። «'እኔ የማውቀው ሰዓት ነው፣ ስለ ሰውነት እነሱ ያውቃሉ' ይል ነበር።»

ግድግዳው ላይ የሆስፒታሉ ወረቀት ተለጥፏል፦ በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ኢንስፔክተሯ ደብተሩን ገለጠች። ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ አንድ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ሰባ ሦስት። እሱ ግን ተሰርዞ ከጎኑ ሰባ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ እስከ ሞቱ ሰባ፣ ሰባ፣ ሰባ። በደብተሩ ሙሉ ሌላ ስርዝ የለም።

«ይህን እግር ይዞ ሰባ?» አለች። «ለምን ሆስፒታል አልወሰዳችሁትም?»

«ቤት እየመጣች ለምትከታተለው ነርስ ደወልኩ እኮ! ትንፋሽ አጠረው፣ ተጋድሞ መተኛት አቃተው አልኳት። 'ሚዛኑ ሰባ ካለ ሰውነታቸው ውሃ አልቋጠረም፣ አይጨነቁ እማማ' አለችኝ።»

ሚዛኑ ከጠረጴዛው ጥግ ተጠግቷል። «ቦታው እዚህ ነው?»

«መኝታ ቤቱ በር ላይ ነበር። የዛሬ ሦስት ቀን ገበያ ውዬ ስመለስ እዚህ አገኘሁት።»

«እኔ አልነካሁትም» አለ ወንድምየው ሳይጠየቅ።

ጠረጴዛውን ስስ አቧራ ሸፍኖታል፤ በጠርዙ ላይ ግን የአንድ መዳፍ ቦታ ተወልውሎ ያበራል። ኢንስፔክተሯ ሚዛኑ ላይ ወጣች፣ ወረደች፣ እንደገና ወጣች። ከዚያ ነርሷን እና የክትትሉን ኃላፊ ሐኪም ከነመዝገባቸው አስጠራች።

ከሰዓት በኋላ አራቱም ሳሎኑ ውስጥ ተቀመጡ።

«ሚዛኑን እዚህ ያመጣው ማነው?» አለች ነርሷን።

«እኔ እንጃ። ስመጣ እዚሁ ነበር።»

«መልካም። አሁን እዩኝ።» ሚዛኑ ላይ ቆመች፤ ቀስቱ ስልሳ አራትን አሳየ። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ጫን አደረገች፤ ስልሳ አንድ። «ሟቹ እንዲህ ነው ሲመዘን የከረመው። የውሃውን ሦስት ኪሎ ጠረጴዛው ተሸከመለት። ስለዚህ ጨውም ሆነ ለስላሳ አትበሉኝ። ውሃውን ማን አመጣው ሳይሆን ማን ደበቀው ነው ነገሩ። እሱ ራሱ እንዳንል፣ ጠዋት ሰባ ሦስትን በእጁ ጽፏል። ካመነው ሰው በቀር የጻፈውን የሚያሰርዘው የለም።»

ወንድምየው አንገቱን ደፋ። ሚስቲቱ አላየችውም።

ኢንስፔክተሯ የሐኪሙን መዝገብ ገለጠች። «ያን ቀን ነርሷ እዚህ የመጣችው በአራት ሰዓት ነው፤ ራሷ ፈርማለች። ሰባ ኪሎ የሚለው ሪፖርቷ ግን ቢሮ የገባው በሁለት ሰዓት ነው፤ ማኅተሙ ይኸው። ሳይመዘን ኪሎውን አወቅሽው፣ እህቴ?»

ነርሷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «አርባ ሦስት በሽተኛ ለብቻዬ ነው የምከታተለው። ሪፖርቱ አስቸኳይ ስለሆነ የድሮውን ቁጥር ሞላሁ። መጥቼ ሳይ ሰባ ሦስት! ባለፈው ወር ሦስት ሰው ሆስፒታል ብመልስ ዶክተሩ 'ተመላሽ አበዛሽ' ብለው በስብሰባ መሀል ሰደቡኝ፤ አንድ ሰው ከጨመርሽ ቦታሽን ልቀቂ ተባልኩ። ሚዛኑን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቼ 'አባባ፣ እንዳይወድቁ ተደግፈው ይመዘኑ' አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ውሃ የሚያስወጣው ክኒን ነገ ያቀልላቸዋል ብዬ...»

«እርስዎ ይንገሩኝ፣ ያን ቀን ቢመጣ ይድን ነበር?» አለች ሚስቲቱ ሐኪሙን።

«ሁለት ሦስት ቀን ውሃውን የሚያስወጣ መርፌ ቢወስዱ ሳይሻላቸው አይቀርም ነበር» አለ ሐኪሙ። ከዚያ ቸኮል ብሎ «እኔ ግን ቁጥር ቀይሪ አላልኳትም።»

«አላሉም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ተመላሽ በሽተኛ እንዳላይ ነው ያሉት።» ለነርሷ የሐሰት ሪፖርት የሚል አንቀጽ አላት። ለእሱ የሚሆን ግን አጣች፤ ብዕሩን እስኪያማት ጨበጠችው።

ሐኪሙ ለመሄድ ተነስቶ ቦርሳውን ከፈተና ቅጽ አወጣ። «ይቅርታ፣ እማማ፣ አንዲት ነገር ብቻ... ያረፉት እዚሁ ቤት ነው አይደል? ወደ ሆስፒታል ሲመጡ መንገድ ላይ ካልሆነ፣ ተመላሽ ተብለው አይቆጠሩም።»

ሚስቲቱ ቀስ ብላ ተነስታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። እስካሁን «እርስዎ» ስትለው የቆየችውን ሰው ቀና ብላ አየችው።

«ውጣልኝ» አለችው።