ከትራሷ ሥር የተገኘው ማረሻ

ምክትል ኢንስፔክተር አለምወርቅ እሑድ ጠዋት ተጠርታ ደብረ ታቦር ዳር ወዳለው የኪራይ ቤት ስትደርስ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ተማሪ ስመኝ መደብ ላይ በንጹሕ ጋቢ ተጠቅልላ ጠበቀቻት። ዓይኗ ተከድኗል፤ አገጯ በነጠላ ጫፍ ታስሯል። ፍራሹ ግን በደም ርሷል። ፅንስ ስታስወርድ መሞቷን ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገም። ጊዜው 1995 ዓ.ም. ነው፤ ያስወረደችም፣ ያስወረደላትም የሚታሰሩበት ዘመን።

አለምወርቅ በዓይኗ የምትኮራ ሴት ናት። ሌሎቹ ፖሊሶች ደሙን ሲያዩ እሷ ትራሱን አነሣች። ከሥሩ አዲስ የተሳለ ማረሻ ተጋድሟል። ምድጃው አጠገብ ሥሩ ያረረ፣ የጓጎለ የገብስ ገንፎ ነበር።

አከራይዋ እትዬ እቴነሽ ከዓርብ ጀምሮ አንበሳሜ ለተዝካር ሄደው ነበር፤ ሬሳውን ያገኙት ሲመለሱ ነው። ጣታቸውን የቀሰሩት መድኃኒት ሻጩ ምትኩ ላይ ነው።

«የከተማው ሴት በጓሮ በር የሚገባው ወደማን ሆነና?» አሉ።

ምትኩ በዚያው ቀን ተያዘ። ዓርብ መጥታ እንደለመነችው አልካደም።

«መለስኳት። ብረዳት ኖሮ እሷ በሕይወት ትኖር፣ እኔም እታሰር ነበር» አለ፤ ካቴናውን እያየ። «አሁን እሷም ሞተች፣ እኔም ታሰርኩ።»

የስመኝ አባት አቶ ሙላቴ መርዶ ሰምተው ከጉና በእግራቸው እሑድ ማታ እንደደረሱ ተናገሩ።

ሰኞ አለምወርቅ ሦስቱንም ቢሮዋ ሰበሰበቻቸው። ማረሻውን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ኮንስታብል ፈንታሁንን፣ «አንዲት ቃል ሳትዘል ጻፍ» አለችው።

«እትዬ፣ ቤትዎ በሬ አለ?»

«ከድመት በቀር ምን አለኝ።»

እንግዲያው ማረሻው ከባላገር መጥቷል፤ አለምወርቅ ቀጠለች። የተሳለ ነው፣ አፈር ግን አልነካም። ቀጥቃጩ ተስፋነህ ማረሻ የሚስለው ለቅዳሜ ገበያተኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ባለቤቱ ቅዳሜ፣ ልጅቱ በሞተችበት ቀን፣ ከተማ ውስጥ ነበር። ገንፎውን ያገነፋው እጅም ገንፎ አማስሎ አያውቅም፤ የወንድ እጅ ነው። ብረት ከራስጌዋ የሚደረግላት ደግሞ አራስ ናት፣ ክፉ መንፈስ እንዳይቀርባት።

«ለሬሳ ብረት አይደረግም። ሰውየው ማረሻውን ሲያኖር ስመኝ ትተነፍስ ነበር። ደሟ ከምን እንደሚፈስም ያውቃል።»

ሁሉም ወደ አቶ ሙላቴ ዞረ።

«አባባ፣ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነበር። ለምን አልወሰዷትም?»

ሽማግሌው በትራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አወረዱ።

«ላነሣት ነበር። እግሬን ይዛ አለቀሰች። የጠጣችውን ብቻዋን ነው የጠጣችው፤ ምን እንደሆነ እንኳ አልነገረችኝም። ‹አባዬ፣ ያስሩኛል› ብቻ ነው ያለችኝ። ዓምና የጎረቤቴን ልጅ ደሟ ሳይቆም ከሐኪም ቤት አልጋ አንሥተሽ ያሰርሻት አንቺ ነሽ ልጄ። አገሩ ሁሉ ያውቃል። አራስ ገንፎ ስትበላ ትጠና የለ? አገነፋሁላት። እናቷ ብትኖር ታውቅበት ነበር። ስታርፍ ዓይኗን ከድኜ፣ በጋቢ ጠቅልዬ በሌሊት ወጣሁ።»

አለምወርቅ ያቺን ልጅ አስታወሰች። ማዕረጓን ያገኘችው በዚያ ምርመራ ነበር። ወደ ፈንታሁን ዞረች። ብዕሩን አስቀምጦ ወረቀቱን እየነፋ ነው፤ ቀለሙ እንዲደርቅ።

«ሁሉንም ጻፍከው?»

«አንዲት ቃል አልዘለልኩም» አለ፤ ሊመሰገን እየጠበቀ። «ክሱ ወንጀል በመደበቅ ይሁን?»

እትዬ እቴነሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

የምትኩ ካቴና ተፈታ። ጣቢያው ያለው ካቴና ያ ብቻ ነው፤ በአለምወርቅ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ገና የሰው ሙቀት ነበረው። አቶ ሙላቴ ሳይጠየቁ ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ።

«ማረሻውን ለወንድሜ ላኪልኝ ልጄ» አሉ። «ዝናቡ ደርሷል፤ መሬቱ አልታረሰም።»

«ኤግዚቢት ነው አባባ» አለች።

«ምንድን ነው እሱ?»

አለምወርቅ ካቴናውን በእጇ እንደያዘች ወደ ማረሻው ዞረች።